ሕመምተኛ የሚመርጠው ሐኪም፦ ስለ «ዶክተር ስትሬንጅ» የተነሣው ክርክራችን
(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኝ «የፈለግሽውን ተናገሪ፣ ብቻ ስላይድ አታብዢ» ብለውኛል። ስላይድ የለኝም። ስለ ሚጥል በሽታ ታወራለች ብላችሁ የጠበቃችሁም ትንሽ ታገሡኝ፣ መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ። የዛሬው ርእሴ ፊልም ነው፤ ያውም ድግምት ያለበት፣ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ያለበት ፊልም። ከፊት ረድፍ ያሉት መምህሮቻችን ተያይተው ፈገግ ሲሉ ይታየኛል። «ልጅቷ ምን ነካት?» እንዳትሉ ምክንያቴን ላስረዳ።

እዚህ ከተማ የቀረን የባቻችን ልጆች በወር አንድ ጊዜ በየተራ ቤታችን እንገናኛለን። ቡና ይፈላል፣ ልጆቻችን ቴሌቪዥን ያያሉ፣ እኛ ስለ ዲዩቲና ስለ ኑሮ ውድነት እናማርራለን። አንድ ቅዳሜ ልጆቹ «ዶክተር ስትሬንጅ»ን ከፈቱ። ፊልሙ መጀመሪያው አካባቢ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ስለሚገባ ሁላችንም ወሬያችንን አቁመን ዞርን። ሐኪም ኦፕራሲዮን ክፍል ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ጓንት አጠላለቁን ሳይቀር ይተቻል። ፊልሙ ሲያልቅ ስምንት ሐኪሞች አራት ቦታ ተከፍለን ነበር። ክርክሩ በሚቀጥለው ወርም ቀጠለ፤ እስከ ዛሬም አልበረደም። ያን ሁሉ ጊዜ የተከራከርነው ስለ ፊልሙ ብቻ አልነበረም። ስለ ራሳችን ሥራ ስለ ነበር እዚህ ልናገረው ወሰንኩ።

ፊልሙን ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዶክተር ስትሬንጅ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ላይ የወጣ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ፈጣሪዎቹ ስቲቭ ዲትኮና ስታን ሊ ናቸው። ማርቭል ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ፊልም አመጣው። ያዘጋጀው ስኮት ዴሪክሰን ነው፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ቤኔዲክት ከምበርባች ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በኒውዮርክ አንድ እጅግ የተዋጣለት የአንጎል ቀዶ ሐኪም አለ። ጎበዝ ነው፣ ሀብታም ነው፣ ኩራቱም ለጉድ ነው። አንድ ሌሊት መኪና እየነዳ ስልክ ሲያይ ገደል ይገባል። ሁለት እጆቹ ይደቃሉ። ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም የእጁ መንቀጥቀጥ አልቆም ይላል። ገንዘቡን ይጨርሳል። ሽባ የነበረ ሰው ድኖ መራመዱን ሲሰማ ተከትሎ ካትማንዱ፣ ኔፓል ድረስ ይሄዳል። እዚያ «ጥንታዊዋ» የምትባል መምህር ድግምት ታስተምረዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሕንጻ ሲተጣጠፍ፣ ጊዜ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ670 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ በምስል ቅንብሩም ለኦስካር ታጭቶ ነበር።

አሁን ወደ አራቱ ወገኖች።

የመጀመሪያው ወገን መሪ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጓደኛችን ነው፤ እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። የሱ አቋም ግልጽ ነው፦ «ይህን ልጆች ማየት የለባቸውም።» ስናሾፍበት እንዲህ አለን። «ለአሜሪካ ልጅ ድግምት ተረት ነው። ለኛ ልጅ ግን ጎረቤት ነው። በሬ ሸጦ ለጠንቋይ ከፍሎ፣ ጉበቱ አልቆ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። ይህ ፊልም ጠንቋይ ቤት መሄድን የጀግና መንገድ አድርጎ ያሳያል።» አንዷ «ዳይሬክተሩ እኮ ክርስቲያን ነው፣ እምነቱንም አይደብቅም» አለችው። እውነቷን ነው። ዴሪክሰን ከዚህ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2005 ርኩስ መንፈስ ስለ ማውጣት ፊልም ሠርቷል። ጓደኛችን ግን አልተበገረም፦ «ዳይሬክተሩ ክርስቲያን ስለ ሆነ ድግምቱ ጠበል አይሆንም!» ሁላችንም ሳቅን፤ መልስ ግን አላገኘንለትም።

ሁለተኛው ወገን ቀዶ ሐኪም ጓደኛችን ነው። እሱ ድግምቱ ምንም አልመሰለውም። ያናደደው ሕክምናው ነው። «ሕክምና ሲያቅተው ድግምት ያሸንፋል የሚል ፊልም ነው፤ ስድብ ነው» አለ። እኔ የነርቭ ሐኪም ስለ ሆንኩ እዚህ ላይ አስታራቂ አደረጉኝ። የፈረድኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አካባቢ አንድ በጥይት የተመታ ሰው አንጎሉ ሞቷል ተብሎ የአካል ክፍሎቹ ሊወሰዱ ሲሉ ስትሬንጅ ያስቆማቸዋል። ጥይቱ ውስጥ ያለው አንቲሞኒ የሚባል ብረት መርዞት ሞት አስመስሎ ይሆናል ይላል። ብረቱ በዚያ ፍጥነት ይመርዛል የሚለውን አልቀበልም፤ መርሑ ግን ትክክል ነው። የአንጎል ሞት ከማወጃችን በፊት መመረዝን፣ የሰውነት ቅዝቃዜን፣ የማደንዘዣ መድኃኒትን፣ የደም ኬሚካል መዛባትን አንድ በአንድ ማስወገድ አለብን። ይህን ለተማሪ ባሳየው አላፍርም። የእጁ መንቀጥቀጥ ግን የፊልም ነው። የእጅ ነርቭ ሲቆረጥ በዋናነት የሚታየው ድካምና መደንዘዝ ነው። የተቆረጠ ነርቭ ቢሰፋም በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከክንድ ተነሥቶ ጣት ጫፍ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ያንን ትዕግሥት ፊልም አይችልበትም።

ግን ለቀዶ ሐኪሙ ጓደኛዬ አንድ ነገር አስታወስኩት። ስትሬንጅ በውጊያ መሐል ደረቱ ላይ ሲወጋ በድግምት አይድንም። በር ከፍቶ ወደ ድሮ ሆስፒታሉ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ ወደ ክሪስቲን ፓልመር ይሮጣል። እሷ ናት ልቡን በከበበው ከረጢት ውስጥ የተጠራቀመውን ደም በመርፌ መጥጣ የምታድነው። ቀደም ሲል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መሥራቷን ይንቅባት ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ሕክምናን ተሳድቧል የሚለው ሙሉ በሙሉ አያስኬድም። የተሰደበ ካለ አንድ ዓይነት ሐኪም ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሦስተኛውን ወገን የያዘችው ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣች ጓደኛችን ናት። እሷን የከነከናት «ጥንታዊዋ» ናት። በድሮው መጽሔት ላይ ይህ መምህር በሂማላያ የሚኖር የቲቤት ሽማግሌ ነበር። ፊልሙ ላይ ኬልት የምትባል ነጭ ሴት ሆነች፤ ቲልዳ ስዊንተን ተጫወተችው። በአሜሪካ ያሉ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ብዙ ተቃወሙ። ዴሪክሰን የሰጠው መልስ «ጢሙን ያንዠረገገ ጠቢብ የእስያ ሽማግሌ» የሚለውን ያረጀ ምስል ለመሸሽ ብዬ ነው የሚል ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የማርቭል ስቱዲዮስ ኃላፊ ኬቪን ፋይጊ ራሱ ከዚያ ውሳኔ ትምህርት እንደ ወሰዱ፣ ሌላ መንገድ መፈለግ ይገባቸው እንደ ነበር ተናግሯል። ጓደኛችን እንዲህ አለች፦ «ካትማንዱ ሄደው፣ የመሬት መንቀጥቀጡ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ መንገዱንም ቤተ መቅደሱንም ቀረጹ። ጥበቡም የዚያ አገር ነው። የጥበቡ ባለቤት ግን ነጭ ሆነች። እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ስቴቶስኮፕ አንጠልጥዬ ሕመምተኛ ክፍል ስገባ ‹ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው?› እባላለሁ። ይህ ፊልም ለምን እንደዚያ እንደምባል ገባኝ።» ይህን ስትል ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ድግምትና ሕክምና ላይ ስንጨቃጨቅ እኛ ከነጭራሹ ያላየነውን ነበር ያየችው።

አራተኛው የአጥንት ሐኪም ጓደኛችን ነው፤ የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ያክማል። እሱ ሌላ ሰው ይዞ መጣ፦ ፓንግቦርን። ስትሬንጅ ወደ ካትማንዱ የሄደው የዚህን ሰው ታሪክ ሰምቶ ነው። ፓንግቦርን አከርካሪው ተጎድቶ ከደረቱ በታች ሽባ ነበር፤ በድግምት ኃይል ተራመደ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ በምትመጣው አጭር ትዕይንት ላይ ግን ሞርዶ የሚባለው ሰውዬ መጥቶ ኃይሉን ይነጥቀዋል፤ ፓንግቦርንም መሬት ላይ ይዘረራል። ጓደኛችን በቁጣ እንዲህ አለ፦ «ፊልሙ ለዚህ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጠው፤ ወይ በተአምር መራመድ፣ ወይ መሬት ላይ መዘረር። ዊልቸር የት አለ? የኔ ሕመምተኞች የሚሞቱት መራመድ ስላልቻሉ አይደለም። በመኝታ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው የሚሞቱት። በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጥ እጅ፣ ንጹሕ ካቴተር፣ ፍራሽ፣ በቤት በር የሚያስገባ መወጣጫ፤ ይህ ነው ዕድሜ የሚሰጣቸው። ይህን ግን ማን ፊልም ይሠራለታል?»

አራቱን ሁሉ ሰማችሁ። አራቱም እውነት ይዘዋል ብዬ አምናለሁ። እኔ ደግሞ ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ብቻዬን ካየሁት በኋላ ያገኘሁትን ልጨምር።

ከአደጋው በፊት ያለችውን የመኪናዋን ትዕይንት አስታውሱ። ስትሬንጅ እየነዳ ባልደረባው በስልክ ሕመምተኛ ያቀርብለታል። መጀመሪያ አከርካሪው የተሰበረ የ35 ዓመት የጦር መኮንን። ይህን ብዙ ሰው ሊሠራው ይችላል፣ አይመጥነኝም ብሎ ይተዋል። ቀጥሎ የ68 ዓመት ሴት፣ የአንጎል ግንድ ዕጢ ያለባት። ያልተበላሸ መዝገቤን ታበላሽብኛለች ብሎ ይተዋታል። ሦስተኛዋ የ22 ዓመት ወጣት፣ አንጎሏ ውስጥ መሣሪያ የተተከለላት፣ መብረቅ የመታት። ይቺ አስደሳች ናት። ፎቶዋን ላክልኝ ይላል፤ ፎቶውን ሲያይ ነው ገደል የሚገባው።

እኛ ግቢ ውስጥ ይህን አናውቀውም? አንዱ ቀላል ነው፣ አንዷ ተስፋ የላትም፣ አንዷ «ኢንተረስቲንግ ኬዝ» ናት። ጠዋት ራውንድ ላይ የትኛው አልጋ ዙሪያ ተማሪ እንደሚኮለኮል፣ የትኛው አልጋ በግማሽ ደቂቃ እንደሚታለፍ ሁላችንም እናውቃለን።

በድሮው መጽሔት ላይ ስትሬንጅ ስግብግብ ነበር፤ የሚፈልገው ገንዘብ ነው። ፊልሙ ይህን ቀይሮታል። የፊልሙ ስትሬንጅ የሚሳሳለት ስሙ ነው፣ ያልተሳሳተ መዝገቡ። ለኔ ይህ ለውጥ ከድግምቱ ሁሉ የበለጠ ብልህ ነው። ስግብግብ ሐኪምን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ያወግዘዋልም። ስሙን የሚጠብቅ ሐኪምን ግን ሽልማት እንሰጠዋለን።

ከዚያ ምን ይሆናል? እጁ ሲደቅ አንድ ሌላ ታላቅ ሐኪም ዘንድ ይለምናል። ያ ሐኪም የምትጠይቀኝ አይቻልም፣ እኔም ስሜን መጠበቅ አለብኝ ይለዋል። በራሱ ቋንቋ መለሱለት ማለት ነው። ፓንግቦርንን ሲያገኘው ደግሞ ሰውየው ያስታውሰዋል፤ አንድ ጊዜ ቢሮህ መጥቼ ነበር፣ ከጸሐፊህ አላለፍኩም ይለዋል። ልብ አድርጉ፤ ፓንግቦርን ወደ ካትማንዱ የሄደው ድግምት ወድዶ አይደለም። በመጀመሪያ ሐኪም ቤት ነው የሄደው። በሩ ሲዘጋበት ነው ሌላ በር ያንኳኳው። ስትሬንጅም እንደዚያው። ከዓይኑ ካላየ በምንም የማያምን የሳይንስ ሰው ነበር። ወደ ድግምት የወሰደው አላዋቂነት ሳይሆን የመጨረሻው የሕክምና በር መዘጋቱ ነው።

እዚህ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ጓደኛዬ ጥሩ አድርጎ አቋረጠኝ። «ቆይ፣ ቆይ። ለ68 ዓመቷ ሴትዮ እምቢ ማለቱ እኮ በሕክምና ትክክል ሊሆን ይችላል። የገፋ የአንጎል ግንድ ዕጢ ላይ ቢላ ማንሣት ጭካኔ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ በሳምንት ያለኝ የኦፕራሲዮን ቀን የተቆጠረ ነው። መምረጥ ግዴታዬ ነው፤ ካልመረጥኩ የሚድነውም ይሞትብኛል።» ትክክል ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ነበረብን። ቀዶ ሕክምናን እምቢ ማለት አንድ ነገር ነው። ሰውን እምቢ ማለት ሌላ ነው። ሴትዮዋን «ይህ ቢላ አይጠቅምሽም፣ ግን ሕመምሽን፣ ማስመለስሽን፣ የልጆችሽን ጭንቀት አብረን እንይዛለን» ማለት ይቻላል። ስትሬንጅ ይህን አላለም። ያሰበው ስለ እሷ ሳይሆን ስለ መዝገቡ ነው። እኛም ብዙ ጊዜ «ለዚህ ምንም ማድረግ አይቻልም» ስንል «ለዚህ እኔ የምኮራበት ነገር ማድረግ አልችልም» ማለታችን ነው።

አሁን ቃል በገባሁት መሠረት ወደ ሚጥል በሽታ መጣሁ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ አባት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጁን ይዞ ክትትል ክሊኒኬ መጣ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጬ ነው የምናገረው። ልጅቷን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ይጥላታል። በመጀመሪያ ወደ አንድ ጤና ተቋም ወስዷት ነበር። ያገኛት ባለሙያ ከካርዱ ቀና ሳይል «ይህ በሽታ አይድንም፣ ይህን እየዋጠች ትኑር» ብሎ የአንድ ወር ፌኖባርቢታል ሰጥቶ ሸኛቸው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሰው ሄዱ፤ የለም ተባሉ። ሌላ ቦታ ሪፈር ተባሉ፤ እዚያም ወረፋ። አባትየው ከዚያ በኋላ ልጁን ይዞ ጠበል ገባ። እዚያ ያሉ ሰዎች «መድኃኒቱን ካልተውሽ ጠበሉ አይሠራም» አሏት፤ ተወችው። መድኃኒቱን በድንገት መተው ምን እንደሚያመጣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቤቷ ከተመለሰች በኋላ በአንድ ቀን ደጋግሞ ጣላት፤ እሳት ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ። እኔ ጋ ስትመጣ ጠባሳዋን በነጠላዋ ሸፍና ነበር።

ጠበሉን አልነገሩኝም። በመጀመሪያው ቀጠሮ አልነገሩኝም፣ በሁለተኛውም አልነገሩኝም። በሦስተኛው ቀጠሮ «ጠበል ስትሄዱ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ነው የምትወስደው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሄዳችኋል ወይ አላልኩም። አባትየው ልጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሁሉንም አወራኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኔ የምጨምርበት አለኝ፦ የሚደብቀው እኮ ከሚቆጣው ሰው ነው።

ያ አባት አላዋቂ አልነበረም። ጠበል እንደ ገባ ጠይቄው የመለሰልኝን አልረሳውም። «እዚያ ስሟን ጠየቋት። ተኝታ ሳለች ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው አለ። ሐኪም ቤት ቁጥር ነበራት።» በዚህ መልስ ላይ ድግምት የለም፣ አጉል እምነትም የለም። እኛ ልንሰጠው ስንችል ያልሰጠነው ነገር ዝርዝር ነው።

ለዚህ መፍትሔ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን፣ ሰው መድኃኒቱን እየተወ ጠበል ሲገባ፣ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተምረዋል። እኔም ለልጅቷ ይህንኑ ነገርኳት፦ ጠበልሽንም ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ዋጪ። አባትየው የነፍስ አባታቸውን ይዘው መጡ፤ ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። ከዚያ በኋላ መድኃኒቷን የሚያስታውሷት እሳቸው ሆኑ።

ድናለች ወይ? አልዳነችም። ተአምር የለኝም። ድሮ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጥላት የነበረው አሁን በሁለት ሦስት ወር አንዴ ሆኗል። ትምህርት ቤት ተመልሳለች። እሳት አጠገብ ብቻዋን አትቀመጥም። ይህ በማንም መዝገብ ላይ እንደ ድል አይጻፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። በደሃ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ሕክምናውን አያገኙም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ በሽታው የታወቀ ነው። የሚጎድለው በየወሩ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ አሰልቺ ጥያቄ ሳይሰለች የሚጠይቅ ሐኪም ነው።

ፊልሙን ካነሣሁ አይቀር ልጨርሰው። ስትሬንጅ ወደ ካትማንዱ የሄደው እጁን ለማዳን ነበር። መጨረሻ ላይ ግን እጁ አይድንም። ፓንግቦርን ያደረገውን ማድረግ፣ ኃይሉን ለራሱ አካል ማዋልና ወደ ድሮ ኑሮው መመለስ ይችል ነበር። መምህሩ ልትሞት ስትል ምርጫውን ትነግረዋለች፤ መውደቅን መፍራትህ ነው ትልቅ እንዳትሆን የከለከለህ የሚል ነገርም ትለዋለች። እሱም የሚንቀጠቀጥ እጁን እንደ ያዘ ለሌሎች መቆምን ይመርጣል። ክፉውን ኃይል የሚያሸንፈውም በጉልበት አይደለም። ደጋግሞ እየተሸነፈ፣ እየሞተ፣ እንደገና እየተመለሰ ነው የሚያሰለቸው። ይህን ሳይ፣ አትሳቁብኝ፣ የክትትል ክሊኒክ ትዝ አለኝ። እኛ ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ የሚጥል በሽታን፣ የአከርካሪ ጉዳትን የምናሸንፈው እንዲህ አይደል? አንድ ጊዜም አናሸንፍም፤ ግን በየወሩ እንመለሳለን።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንና ለማኅበራችን ሁለት ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት።

የመጀመሪያው ለፋኩልቲው ነው። ኢንተርኖቻችን ድንገተኛ ክፍል ይሠራሉ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባሉ፤ ጥሩ ነው። ያንኑ አንድ ሕመምተኛ ለስድስት ወር በየቀጠሮው የሚያዩበት ጊዜ ግን የላቸውም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሦስት የማይድኑ ሕመምተኞች ይሰጡት፤ ከዊልቸሩ እስከ ካቴተሩ፣ ከመድኃኒቱ እስከ ጠበሉ ይከታተላቸው። ሲመረቅም ስለነሱ ይጠየቅ። ፈተናው ላይ «ምርመራው ምንድን ነው?» ከሚለው ቀጥሎ «ማዳን ካልቻልክ ነገ ጠዋት ምን ታደርግለታለህ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ሬዚደንት ስንመርጥም የክትትል ክሊኒክ የሠራ ልጅ ከሌላው ያነሰ ተደርጎ እንዳይታይ እለምናለሁ።

ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው። በየዓመቱ ለጎበዝ ተመራቂ የምንሰጠው ሽልማት አለ፤ እኔም አጨብጭቤለታለሁ። ከጎኑ አንድ ተጨማሪ እናድርግ፤ አሸናፊውን ፕሮፌሰሮች ሳይሆኑ ነርሶችና የሕመምተኛ ቤተሰቦች ይምረጡ። ክሪስቲን ፓልመርን የምናገኘው በዚያ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጓደኞቼ ዛሬም አልተስማሙም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ልጆቹን አያሳይም፤ አከብርለታለሁ። እኔ ልጆቼን አሳያለሁ፣ ግን አብሬያቸው ተቀምጬ፣ ድግምቱ ሲመጣ ቡና እየቀዳሁ፣ ሰውየው ሕመምተኛ ሲመርጥ ግን «አቁሙት፣ እስቲ ይህን እንነጋገርበት» እያልኩ። ከአሜሪካ የመጣችው ጓደኛችን ተመልሳለች፤ የጥንታዊዋን ነገር አሁንም ይቅር አላለችም፤ ልክ ናት። የአጥንት ሐኪሙ ሰሞኑን ፍራሽ የሚሰጥ ለጋሽ እየፈለገ ነው። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በር ላይ ታገኙታላችሁ፤ ባዶ እጃችሁን እንዳታልፉት።

ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ «ንግግርሽ ላይ እኔን አታንሺኝ» ብሎኝ ነበር። ስሙን አላነሣሁም። ግን ሦስተኛ ረድፍ ላይ እየሳቀ ነው።

 ለመምህሮቻችን ዕድሜና ጤና፣ ለሁላችንም በሚመጣው ዓመት ሳንጎድል መገናኘትን ያድለን።